ትኩስ ንቅሳት በምን ይሸፈን?

የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ፣ ለአንዳንዶቻችሁም ደስ የማያሰኝ ሊሆን ይችላል። ንቅሳትን የሚወድ አለ፤ የሚጠላም አለ፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ፈጽሞ የማይቀበለውም አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ማንንም ተነቀሱ ወይም አትነቀሱ ለማለት አይደለም። ንቅሳት ከተሠራ በኋላ ቆዳ ላይ የሚቀረው ሥዕል ብቻ ሳይሆን ቁስልም መሆኑን፣ ቁስል ደግሞ በአግባቡ ካልተሸፈነ ከሥዕሉ ይልቅ ጠባሳው ጎልቶ እንደሚቀር ለማስረዳት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በቦኬ ወረዳ ያገኘኋት አንዲት የ22 ዓመት ወጣት ናት። ስሟ እንዲገለጽ አልፈለገችም። «ታሪኩን ግን ጻፊው፤ ሌላዋ እንኳ ትማርበት» ብላ ግራ ክንዷን ገልጣ አሳየችኝ። ከአንጓዋ ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ አበባ ተነቅሳለች። ከአበባዋ ቅጠሎች አንደኛው የለም። በቦታው ላይ ሁለት ጣት የሚያህል የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ተኝቷል።

ልጅቱ የምትሠራው አዲስ አበባ ነው። የአረፋ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ከጓደኛዋ ጋር ሄዳ ተነቀሰች። ነቃሹ ሥራውን ሲጨርስ ክንዷን ምግብ በሚጠቀለልበት ስስ ፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ «ጥቂት ሰዓት ቆይተሽ አውልቂው፤ እጠቢው» አላት። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያም ወደ ቦኬ ሌላ መኪና ይጠበቃል። ፕላስቲኩን ለማውለቅ ጊዜም ቦታም አላገኘችም። ቤቷ ስትደርስ ደግሞ እናቷን ፈራች። በፕላስቲኩ ላይ ሻሽ አጥብቃ አሰረችበትና ረጅም እጅጌ ያለው ቀሚስ ለበሰች።

«ለምን አላወለቅሽውም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሂና ስንቀባ እጃችንን ጠቅልለን እናድር የለም ወይ? ብዙ በቆየ ቁጥር ቀለሙ ይበልጥ የሚይዝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት የቤቱ ሴቶች ተሰብስበው ሂና ሲቀባቡ ቀኝ እጇን ሰጥታ ግራዋን ከለከለች። አክስቷ ነገሩ አላማራቸውም። እጅጌውን ሰብስበው ሻሹን ሲፈቱት መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው። ከፕላስቲኩ ሥር ቀለምና ደም የተቀላቀለበት ውሃ አቁሯል፤ ቆዳው ነጥቶ ተጨማዷል፤ ዙሪያው ቀልቶ ያቃጥላል። እናቷ አይተው ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ቁጣው ይቆየን፤ ቁስሉ ይቅደም» ብለው ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሄዱ። በጤና ጣቢያ ታጥቦ፣ መድኃኒት ታዞላት፣ ቁስሉ እየተጠረገና እየተሸፈነ በ2ኛው ሳምንት ዳነች። የአበባዋ አንድ ቅጠል ግን ከሞተው ቆዳ ጋር ሄደ።

እንግዲህ ጥፋቱ የት ላይ ነበር? ነቃሹ መሸፈኑ ጥፋት አልነበረም። ልጅቱም መሸፈኗ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ በምን እንደተሸፈነና ለምን ያህል ጊዜ እንደተሸፈነ ላይ ነው። የዛሬው ውይይታችንም በእነዚህ በሁለቱ ላይ ያተኩራል።

ንቅሳት ለእኛ እንግዳ አይደለም

ንቅሳት ከውጭ አገር የመጣ ፋሽን ብቻ የሚመስላቸው አሉ። በአገራችን በተለይም በሰሜኑ ክፍል እናቶቻችንና አያቶቻችን በግንባራቸው መስቀል፣ በአገጫቸውና በአንገታቸው ጌጥ፣ በድዳቸውም ጥቁር ንቅሳት ይነቀሱ ነበር። ምክንያቱም ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዷ ለውበት፣ አንዳንዷ ለሃይማኖቷ ምልክት፣ አንዳንዷም እንቅርትን ያጠፋልኛል በሚል እምነት ተነቅሳለች። የድድ ንቅሳት ጥርስን ነጭ አስመስሎ ያሳያል፤ የድድ ሕመምንም ይከላከላል ይባል ነበር። መሣሪያው እሾህ ወይም መርፌ፣ ቀለሙም ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር የተለወሰ ነው። አንዲት ነቃሽ በአንድ መርፌ የመንደሩን ልጃገረዶች በተራ ስትነቅስ መዋሏ የተለመደ ነበር።

በሐረርጌ በኩል ደግሞ የሴቶች ጌጥ በይበልጥ ሂና ነው። ሂና ከቅጠል የሚዘጋጅ ሲሆን የላይኛውን ቆዳ ብቻ ያቀላል እንጂ ቆዳን አይበሳም፤ ስለዚህም ቁስል የለውም። ተጠቅልሎ ማደሩ ቀለሙ ሳይደርቅና ሳይረገፍ ጠልቆ እንዲይዝ ይረዳል። ንቅሳት ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ቀለሙ በመርፌ ከላይኛው ቆዳ አልፎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። መርፌው ከወጣ በኋላ ቀለሙ ቦታውን ይዟል፤ ጠቅልሎ ማቆየት የሚጨምርለት አንዳችም ነገር የለም። የቦኬዋ ልጅ የሂናን ደንብ ለንቅሳት አዋለችው፤ የተጎዳችውም በዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ መንቀሻ መሣሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ኒው ዮርክ ውስጥ ሳሙኤል ኦራይሊ በተባለ ሰው የባለቤትነት መብት ተመዝግቦለታል። ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚሠራበት መሣሪያ የዚያ ዘር ነው። መሣሪያው ይዘምን እንጂ ሰውነት የሚቆጥረው ያው ነው፤ የእጅ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ በሺህ የሚቆጠር የመርፌ ብስ።

ቁስሉ ለምን ይሸፈናል?

አዲስ ንቅሳት ከ1 እስከ 3 ቀን ድረስ ውሃ፣ ጥቂት ደምና ትርፍ ቀለም ያወጣል። የላይኛው ቆዳ ለመግጠም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጅበታል፤ የውስጠኛው ቆዳ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪጠገን ወራት ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መሸፈኛው ሦስት አገልግሎት ይሰጣል።

1ኛ/ ከአቧራ፣ ከዝንብና ከቆሻሻ እጅ ይጠብቃል።
2ኛ/ ቁስሉ የሚያወጣውን ውሃ ይመጥጣል ወይም በልክ ይይዛል።
3ኛ/ ልብስ፣ አንሶላ ወይም የታቀፈ ሕፃን እንዳይፈትገው ይከላከላል።

ቁስል ክፍት ሆኖ ነፋስ ሲመታውና ሲደርቅ ቶሎ ይድናል የሚል የቆየ አስተሳሰብ አለ። ጆርጅ ዊንተር የተባለው ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ባሳተመው ጥናት ይህን ፈትሾታል። በአሳማዎች ቆዳ ላይ ያሉ ቁስሎችን ከፊሉን ክፍት ትቶ፣ ከፊሉን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ ሲያነጻጽር፣ እርጥበታቸው የተጠበቀላቸው ቁስሎች ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት አዲስ ቆዳ አወጡ። ምክንያቱም አዲሱ ቆዳ በእርጥብ መሬት ላይ እንደሚሳብ ሐረግ በቀላሉ ይራመዳል፤ በደረቀ ቅርፊት ሥር ግን መንገድ እየቆፈረ ማለፍ አለበት። የዛሬው የቁስል አያያዝ በአብዛኛው በዚህ ግኝት ላይ የተመሠረተ ነው።

ነገር ግን እርጥበትና ውሃ ማቆር አንድ አይደሉም። ቆዳ በውሃና በላብ ተነክሮ ሲውል ይነጣል፣ ይጨማደዳል፣ ይላላል። ጀርሞች ሙቀትና እርጥበት ከተመቻቸላቸው በ20 እና በ30 ደቂቃ ልዩነት ቁጥራቸውን እጥፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። እንደ ሚኤሶ ባለ ቆላ አገር፣ ወይም በሙቀት በታጨቀ አውቶቡስ ውስጥ፣ አየር በማያስወጣ ፕላስቲክ የተጠቀለለ ክንድ ለጀርም የተዘጋጀ ማሳ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ መሸፈኛ የሚባለው እርጥበቱን በልክ የሚጠብቅ፣ ትርፉን የሚያስወግድ፣ ከቁስሉ ጋር የማይጣበቅና ንጹሕ የሆነ ነው። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ የጎደለበት መሸፈኛ መልካም አይደለም።

የመሸፈኛ ዓይነቶች

ሀ/ የምግብ መጠቅለያ ስስ ፕላስቲክ። ብዙ ነቃሾች የሚጠቀሙበት ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው፤ አይጣበቅም፤ ሥዕሉንም ያሳያል። ጉድለቱ ግን ውሃ አይመጥም፤ ላብም አያስወጣም። ስለዚህ ከመነቀሻው ቤት እስከ መኖሪያ ቤት ለመድረሻ እንጂ ለማደሪያ አይሆንም። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቢቆይ ይበቃዋል። የወለቀውን መልሶ መጠቅለል ክልክል ነው። ፌስታል ደግሞ ከናካቴው አይታሰብ፤ ከገበያ ዕቃና ከብዙ እጅ ጋር የተነካካ ነው።

ለ/ የማይጣበቅ ቁስል መሸፈኛ። በፋርማሲ በታሸገ ወረቀት ውስጥ ይሸጣል። ቁስሉን የሚነካው ፊቱ ለስላሳ ሆኖ አይጣበቅም፤ ውስጡ ግን ውሃ ይመጣል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሌሊቶች ይህ በጣም ተስማሚ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ወይም ርሶ ሲታይ ወዲያውኑ ይለወጣል። በላዩ ላይ ፋሻ ላላ ተደርጎ ይታሰራል፤ ወይም ዳር ዳሩ ጤነኛው ቆዳ ላይ በፕላስተር ይያዛል።

ሐ/ የቫዝሊን ጎዝ። ለቃጠሎ ቁስል የሚያገለግለው፣ በቫዝሊን የተነከረው ጎዝ ነው። አይጣበቅም። ከላዩ ደረቅ ጎዝ ተደርጎበት በፋሻ ይያዛል። የማይጣበቀው መሸፈኛ ካልተገኘ ይህ ይተካዋል።

መ/ ደረቅ ጎዝ ብቻውን። ብዙዎቻችን ቁስል ሲባል በመጀመሪያ የሚታየን እርሱ ነው። ለንቅሳት ግን ብቻውን ጥሩ አይደለም። ቁስሉ ያወጣው ውሃ ሲደርቅ ከጎዙ ክሮች ጋር ይጣበቅና፣ ሲነሣ አዲሱን ቆዳና ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ሌላ ከሌለ ከሥሩ ስስ የቫዝሊን ቅባት ይቀባ። ከተጣበቀም በኃይል አይጎተት፤ በሞቅ ያለ ንጹሕ ውሃ እስኪለቅ ድረስ ይራስ። ጥጥ ደግሞ በቀጥታ ቁስል ላይ አይደረግም፤ ብናኙ ውስጥ ይቀራል።

ሠ/ የሚያጣብቅ ስስ የሕክምና ፊልም። ፖሊዩሬቴን ከተባለ ነገር የሚሠራ፣ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ተለጥፎ የሚውል መሸፈኛ ነው። ውሃና ጀርም ከውጭ አያስገባም፤ ከውስጥ ግን እንፋሎት ያስወጣል። ከምግብ መጠቅለያው የሚለየው በዚህ ነው። በታጠበና በደረቀ ቆዳ ላይ፣ ከሥዕሉ ጠርዝ በየአቅጣጫው ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር አልፎ ይለጠፋል። የመጀመሪያው ብዙ ውሃ ስለሚሞላ ብዙውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በኋላ ይነሣል። ታጥቦ ደርቆ የሚለጠፈው ሁለተኛው ከ3 እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ጠርዙ ከተላቀቀ ወይም ውሃው ወደ ውጭ ካፈሰሰ ቀኑ ባይሞላም ይነሣል፤ ምክንያቱም የሚያስወጣ ቀዳዳ የሚያስገባም ነው። በማጣበቂያው ምክንያት የሚያሳክካቸውና ቆዳቸው ውሃ የሚቋጥርባቸው ሰዎች ስላሉ፣ ከመነቀስ በፊት ትንሽ ቁራጭ በሌላው ክንድ ላይ ለአንድ ቀን ለጥፎ መሞከር ብልህነት ነው። መግል በያዘ ቁስል ላይ ግን በፍጹም አይለጠፍም።

ምርጫው እንደ ቦታውና እንደ ሥራው ይለያያል። በጉልበት፣ በክርንና ሁልጊዜ በሚታጠፍ ቦታ ላይ ፊልሙ ቶሎ ይነሣል፤ እዚያ የማይጣበቀው መሸፈኛና ላላ ያለ ፋሻ ይሻላል። ላብ ለሚበዛበት ሰው የሚመጠው ይመረጣል። በጀርባ ወይም በእጅ በማይደረስበት ቦታ ላይ የተነቀሰ ሰው የሚለውጥለት ረዳት ያስፈልገዋል። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ከውድ ፊልም ይልቅ በየዕለቱ የሚለወጥ ንጹሕ ጎዝና ስስ ቫዝሊን የበለጠ ይጠቅማል። የመሸፈኛው ዋጋ ውድ መሆን ሳይለወጥ የቆየን መሸፈኛ ንጹሕ አያደርገውም።

ፋርማሲ በሌለበት ቀበሌስ?

ከጭሮ ወይም ከገለምሶ ርቃችሁ በገጠር ቀበሌ የምትኖሩ እኅቶች፣ «ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። መፍትሔ አለው። ያገለገለ ነገር ግን ያልተበጫጨቀና ብናኝ የሌለው ነጭ የጥጥ ጨርቅ ውሰዱ። በሳሙና እጠቡት። በክዳን ባለው ድስት ውስጥ 20 ደቂቃ አፍሉት። አቧራ በማይነካው ቦታ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ሲደርቅ በሁለቱም ፊት በጋለ ካውያ ተኩሱት፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ከቁስሉ ጋር እንዳይጣበቅ ስስ ቫዝሊን አድርጉበት። ቫዝሊኑ አዲስ የተከፈተ ይሁን፤ ቤተሰቡ ሁሉ ጣቱን የነከረበት ቆርቆሮ አይሁን።

የውሃው ነገር ደግሞ አይዘንጋ። በአካባቢያችን ውሃ በጀሪካን ከሩቅ ይቀዳል፤ በጀሪካን ውስጥም ቀናት ያድራል። ለቁስል የሚሆነው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው። ጀርም ከትንሽ ቸልተኝነት እንደሚገባ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 መጨረሻ በአሜሪካ በሮችስተር ከተማ 19 ሰዎች ከንቅሳት በኋላ ለወራት የቆየ ሽፍታ ወጣባቸው። ሐኪሞች ሲመረምሩ በውሃና በአፈር የሚኖር፣ ከሳንባ ነቀርሳ ጀርም ጋር ዝምድና ያለው ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ምንጩም አስቀድሞ ተበርዞ የተዘጋጀ ቀለም ነበር። በዚያ ዓይነት ዘመናዊ ከተማ እንኳ ከሆነ፣ ካልፈላ ውሃ መጠንቀቅ ለእኛ ይበልጥ ይገባናል።

አጠባውና አለዋወጡ

የትኛውም መሸፈኛ ቢመረጥ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። በመጀመሪያ እጅ በሳሙና በደንብ ይታጠባል፤ ጥፍርም ይቆረጣል። መሸፈኛው ቀስ ተብሎ ይነሣል። ንቅሳቱ ሽቶ በሌለው ለስላሳ ሳሙናና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በእጅ መዳፍ ብቻ ይታጠባል፤ በፎጣ ወይም በመታሻ አይፈተግም። የሚያልበው ልጥ መሰል ነገር እስኪለቅ ድረስ በቀስታ ይጠራል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ ተደርጎ ይደርቃል። ለ10 ደቂቃ ያህል አየር ይምታው። በመጨረሻ ቅባቱ እጅግ ስስ ሆኖ ይቀባል፤ ቆዳው ወዛ እስኪል ነው እንጂ እስኪያንጸባርቅ አይደለም። ቅባት ሲበዛ እንደ ፕላስቲኩ ያፍናል። ከዚያ በኋላ አዲስ መሸፈኛ ይደረጋል።

ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ቀን በኋላ ውሃ ማውጣቱ ካቆመ ቀን ቀን ሳይሸፈን ሊዋል ይችላል። ያን ጊዜ መሸፈኛው ልብስ ነው፤ ይኸውም ሰፋ ያለ፣ ንጹሕና የጥጥ ይሁን። ናይለንና ጠባብ እጅጌ አይስማማም። አቧራ ውስጥ የምትውል፣ ከብት የምታልብ፣ እበት የምትጠርግ፣ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት የተረጨ ማሳ ውስጥ የምትገባ ሴት ግን ቆዳው እስኪገጥም ድረስ በሥራ ሰዓት ትሸፍን፤ ቤቷ ስትገባ ታውልቀው። ሲያሳክክም አትከከው፤ ቅርፊቱንም አትላጠው፤ ቅርፊቱ ራሱ ሰውነት የሠራው መሸፈኛ ነውና። በወንዝና በኩሬ መታጠብም ቢያንስ ለ2 ሳምንት ይቅር። ፀሐይን በተመለከተ፣ እስኪድን ድረስ በልብስ መከለል ከሁሉ ይበልጣል።

ቁስል ላይ የማይደረጉ ነገሮች

የቡና ዱቄት፣ ዐመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ለጋ ቅቤ፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል፤ እነዚህ ሁሉ በየቤቱ የሚታወቁ «መድኃኒቶች» ናቸው። ሁሉም ጀርም ይዘው ሊገቡ ይችላሉ። ማር ለቁስል ይጠቅማል መባሉ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን በሆስፒታል የሚያገለግለው ማር ጀርሙ በጨረር እንዲጠፋ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ ከቀፎ የመጣው አይደለም። የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስም ልማድ ሆኗል። ይህ ቁስሉን ያደርቃል፤ ጀርሞችንም ለመድኃኒቱ ያለማምዳቸዋል። አልኮል በየቀኑ ማፍሰስም አዲስ የሚበቅለውን ቆዳ ያቃጥላል።

እግረ መንገዳችንን ስለ ጥቁር ሂና አንድ ቃል እንጨምር። ተፈጥሮአዊ ሂና ቀለሙ ቡናማ ቀይ ነው። እንደ ቀለም ቡና የጠቆረውና በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ፒ.ፒ.ዲ. የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ይህ ኬሚካል በቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣና የሥዕሉን ቅርጽ በጠባሳ ሊተው ይችላል። ተጠቅልሎ ሲታደርበት ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በብዙ ውሃና በሳሙና አጥቦ ሐኪም ማማከር ነው።

መሸፈኛ የማይከላከለው

አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። መሸፈኛ ከውጭ የሚመጣውን ጀርም ይከላከላል እንጂ በመርፌው የገባውን አያስወጣም። የጉበት በሽታ አምጪ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሕይወቱ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። ኤች.አይ.ቪ.ም በጋራ በሚሠራበት መርፌ ይተላለፋል። ስለዚህ መርፌው ከታሸገበት ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፤ ቀለሙ በየሰው በተለየ ንጹሕ ቆብ ይቀዳ፤ ነቃሹ አዲስ ጓንት ያጥልቅ። እነዚህ ካልተሟሉ ተነሥታችሁ ውጡ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት በአምስት በሽታዎች ክትባት ውስጥ ተካቶ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት በሕፃንነታቸው በዚህ ዘመቻ አላገኙትም ማለት ነውና ሐኪም ጠይቁ።

መንጋጋ ቆልፍም በቆሸሸ ቁስል በኩል ይገባል። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ በ2009 ዓ.ም. ተረጋግጦላታል። ይህ ውጤት የተገኘው እናቶች ክትባታቸውን ስለተከታተሉ ነው። የክትባት ካርዳችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ የጎደለ ካለ በጤና ኬላ ሙሉ። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች መነቀስን ቢያቆዩት ይሻላል። የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም ጠባሳቸው እያበጠ ወደ ኬሎይድ የሚለወጥ ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ወደ ጤና ጣቢያ መቼ?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መጠነኛ መቅላት፣ ማበጥና መለብለብ ይጠበቃል፤ በየቀኑም እየቀነሰ ይሄዳል። የሚያሰጋው እየጨመረ የሚሄደው ነው። ከ3ኛው ቀን በኋላ፦

- መቅላቱ ከሥዕሉ ጠርዝ አልፎ ከተስፋፋ፣
- ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግልና መጥፎ ሽታ ካለው፣
- ሕመሙ እየባሰና ቦታው እየጋለ ከሄደ፣
- ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር ከታየ፣
- ትኩሳትና ብርድ ብርድ የማለት ስሜት ከመጣ፣

ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ከታዩማ ሌሊት እንኳ ቢሆን አይታደርም። መንገድ ከራቀ ደግሞ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስጠሩ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው እንዲህ ላለው ችግር በቅርብ እንዲደርስ ነው።

ለእናቶች አንድ ቃል

ወደ ቦኬዋ ልጅ ልመለስ። ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ፕላስቲኩ አልነበረም። ልጅቱ ክንዷ እያቃጠላት ከእናቷ ጋር አንድ ማእድ ቀርባ ዝም ማለቷ ነው። ክንዷን የጎዳው ፕላስቲክ ከሆነ፣ ፕላስቲኩን ያቆየው ፍርሃት ነው።

እናት በልጇ ሥራ ብታዝን መብቷ ነው፤ ሃይማኖቷንና ባህሏን መሠረት አድርጋ ብትመክር፣ ብትገሥጽም ተገቢ ነው። ነገር ግን ተግሣጽ ቀን አለው፤ መግል የያዘ ቁስል ግን ቀን አይሰጥም። ልጆቻችን ሲታመሙ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እኛ እንዲሆን እንጂ ከእኛ እንዳይሆን ቤታችንን ማዘጋጀት የእኛ ፈንታ ነው። እናንተም ወጣቶች፣ ተነቅሳችሁ ከሆነ ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ለአክስት፣ ለእኅት ወይም ለጤና ባለሙያ። የተደበቀ ቁስል የሚሸፈነው ከዓይን ብቻ ነው።

ከወጣቷ ጋር ስንለያይ፣ «እናትሽ በመጨረሻ ተቆጡሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሣቀች። «ቃል ገብተው የለ? ቁስሉ በዳነ ማግሥት ጠርተው አስቀመጡኝና ከጧት እስከ ቀትር ተቆጡኝ። ግን እየተቆጡም ጎዙን ያጥቡበት የነበረውን ሳሙና ገና ከመስኮቱ ላይ አላነሡትም ነበር» አለችኝ።